ጆሮ በሐዲድ፣ ጆሮ በባሕር

በድሬዳዋ ከለገሃር አጠገብ ያደገ ልጅ፣ የጅቡቲው ባቡር መቃረቡን የሚያውቀው ፊሽካው ሳይሰማ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ አመሻሽ ላይ ሽርጣቸውን አገልድመው ወደ ሐዲዱ ይወርዱና፣ የቀኑ ትኩሳት ያልለቀቀውን ብረት በመዳፋቸው ፈትነው፣ ተንበርክከው ቀኝ ጆሯቸውን ያሳርፉበት ነበር። እኛ ልጆቹ ከበን «ጋሼ፣ መጣ እንዴ?» ስንላቸው፣ በጣታቸው ዝም አሰኝተውን ጥቂት ይቆዩና «መጥቷል፤ ጭነቱ ግን ከብዶታል» ብለው አቧራቸውን እያራገፉ ይነሡ ነበር፤ ፊሽካው የሚሰማውም ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ይህን እንደ ምሥጢረ ጥበብ ብንቆጥረውም፣ ነገሩ ሕገ ተፈጥሮ ኖሯል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በብረት ውስጥ ወደ 5,000 ሜትር ይደርሳል፤ በውኃ ውስጥ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ ውኃ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ፈጣን የድምፅ መልእክተኛ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ልጅ ባሕርን ለብዙ ዘመን «ዝምተኛ» ብሎ መጥራቱ የሚያስገርም ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ ከድሬዳዋ ላይ ሆኖ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከተማይቱ ከባሕር ብትርቅም ለባሕር ባዳ አይደለችም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጠረፍ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሓ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ነው ከተማይቱ የተወለደችው። ከዚያም እልፍ ብሎ፣ ዙሪያዋን የከበቧት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ምድሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ፣ ከዛጎልና ከኮራል ስባሪ የተነጠፉ ደለሎች ናቸው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካም የፈጨው ይህንኑ የጥንት ባሕር ወለል ነው። በእነዚሁ ኮረብታዎች ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሊቃውንት ዓለም ያስታወቁት ካህኑና ሥነ ፍጥረት ተመራማሪው ቴያር ደ ሻርዳን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ነበሩ። ሞንፍሬ በኦቦክ ጠረፍ ጀልባ እየነዳ በዕንቁና በጦር መሣሪያ ንግድ የኖረ፣ ስለ ቀይ ባሕር ምሥጢር መጽሐፍ የጻፈ፣ በድሬዳዋም ቤት የነበረው ፈረንሳዊ ነው። ባሕሩና ከተማይቱ በአንድ ሰው ሕይወት እንኳ እንዲህ ይገናኙ ነበር።

ከጥልቁ ድምፅ እንደሚወጣ ለመማርም ቤተ ክርስቲያናችን አልዘገየችም፤ በጾመ ነነዌ የምናስበው ነቢዩ ዮናስ፣ ጸሎቱን ያሰማው በከርሠ ዐንበሪ ሆኖ ነው። የጥበብ ሰዎች ግን ከውኃው በላይ ቆመው አዳመጡና ምንም አልሰሙም፤ ምክንያቱም ከውኃ ወደ አየር ሊያልፍ ከሚሞክረው ድምፅ ኃይሉ ከሺህ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ሲሻገር፣ የቀረው የባሕሩን ገጽ እንደ ግድግዳ እየመታ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ፈረንሳዊው የባሕር መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውን መጽሐፍ፣ በ1956ም በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘውን ፊልም «የዝምታው ዓለም» ብሎ ሲሰይም፣ ዓለም ሁሉ ስሙን ያለ ጥያቄ ተቀበለው። ጠላቂው በገዛ ትንፋሹ አረፋ ጆሮው ተደፍኖ ሲዋኝ፣ በዙሪያው ያለው ጉባኤ ሳይሰማው ቢቀር ምን ይደንቃል?

ባሕር ዝምተኛ አለመሆኑን ከሊቃውንቱ አስቀድሞ ያወቀው ዓሣ አጥማጁ ነው። በማሌዥያ ጠረፍ «ጁሩ ሰላም» የሚባለው የአጥማጆች አለቃ፣ የጀልባውን ጠርዝ በእጁ ይዞ ራሱን ውኃ ውስጥ በመንከር፣ የዓሣውን መንጋ ከድምፁ ለይቶ መረቡ ወዴት እንደሚጣል ያዝዝ ነበር፤ ከሐዲዳችን ዳር ይንበረከኩ የነበሩት ጋሼና እርሱ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። በሊቃውንቱ ወገን እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶን እና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሰዎች በጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሌሊት ተለያይተው ቆሙ። አንደኛው ጀልባ ላይ ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይቀጣጠላል፤ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠው ደግሞ፣ ብልጭታውን ባየ ጊዜ ሰዓት መቁጠር ይጀምርና፣ ውኃ ውስጥ በሰደደው ረጅም ቱቦ ደወሉን እስኪሰማ ይጠብቃል። በዚህ ብልሃት ድምፅ በሐይቁ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚጓዝ ለኩ፤ ዛሬም ስሌቱ ከትክክለኛው እምብዛም የራቀ ሆኖ አልተገኘም።

ይሁን እንጂ ለባሕር የማያቋርጥ ጆሮ የሠራለት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጭታ ከሰጠመች በኋላ፣ ከሁለት ዓመትም በኋላ በተነሣው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ መርከቦችን ማስጠም ሲጀምር፣ መንግሥታት ከውኃ በታች የሚያዳምጥ መሣሪያ ለማበጀት ተጣደፉ፤ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቬንም ድምፅ ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የኳርትዝ ድንጋይ ለዚሁ ሥራ አዋለው። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በቼሳፒክ ባሕር ሰላጤ ማዳመጫ ቢተክል፣ የጠላት መርከብ ይጠባበቅ የነበረውን መሣሪያ የዓሦች ከበሮ ሞላው። ሞቃት ጠረፎች ላይ ደግሞ፣ ደረቅ ጭራሮ እሳት ውስጥ እንደሚንጣጣ ያለ ማቋረጫ የሌለው ጩኸት ሰርጓጅ መርከቦችን እስከ መሰወር ደረሰ።

የዚህ ጩኸት ባለቤት ከጣት የማይበልጥ ሽሪምፕ ነው። ከሁለት ጥፍሮቹ አንዱ ከሌላው እጅግ ይገዝፋል፤ ያንን ጥፍር በፍጥነት ሲከድን ቀጭን የውኃ ጅረት ይወረወራል፣ ከጅረቱ ጀርባ የእንፋሎት አረፋ ይወለዳል፣ አረፋውም ወዲያው ሲፈነዳ ያ ታላቅ ድምፅ ይሰማል። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ ድምፁ የጥፍሮቹ መጋጨት ይመስል ነበር፤ ፈጣን ካሜራ ግን የሚጮኸው አረፋው መሆኑን ገለጠ።

ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያው ወደ ጥናት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሼቪል እና ላውረንስ የተባሉ አሜሪካውያን በካናዳ ሳግኔ ወንዝ የነጭ ዐንበሪዎችን ፉጨትና ጩኸት ቀረጹ፤ ማሪ ፖላንድ ፊሽ የተባለች ሴት ሊቅ ደግሞ ዕድሜዋን ዓሦችን በማዳመጥ አሳልፋ፣ ብዙዎቹ የአየር ከረጢታቸውን በጡንቻ እያርገበገቡ እንደ ከበሮ እንደሚመቱ መዘገበች። እ.ኤ.አ. በ1970 የዐንበሪዎች ዝማሬ በሸክላ ታትሞ ሲወጣ፣ ባሕርን አይቶ የማያውቅ የከተማ ሰው እንኳ ተመስጦ ሰማው።

ወደ ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ስንመለስ፣ የምናገኘው ረጅም የዓይን ታሪክ ነው። የሥነ ፍጥረት ተመራማሪው ሄምፕሪች እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ ለጥናት እንደ ወጣ ሞተ፤ ሌላው ተመራማሪ ሩፔልም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የዚያኑ ጠረፍ ዓሦች ሰብስቦ ሥዕላቸውን አሳተመ። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ፊልም ሲያነሣ፣ ለዓሦቹ ሙዚቃ እያሰማ ሁኔታቸውን ተመለከተ፤ የእነርሱን ሳይሰማ የራሱን አሰማቸው ማለት ነው። ጣልያናውያንም እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያነሡትን ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» አሉት። እኛ ኢትዮጵያውያን በበኩላችን ስለዚያ ባሕር ስንናገር፣ ትላንትም ዛሬም፣ ወደብና ቀረጥ፣ መርከብና ኮንቴይነር ከአፋችን አይጠፋም፤ ከመርከቡ ሆድ በታች የሚኖረው ፍጥረት ግን እምብዛም አይታሰበንም።

ዳሩ ግን መርከቡና ፍጥረቱ የሚጣሉት በድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቀይ ባሕር ዳር በቱዋል በሚገኘው የሳዑዲ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርሎስ ዱዋርቴ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሰፊ ጥናት፣ የሰው ሥራ የባሕርን ድምፅ ከሁለት ወገን እንደ ለወጠው አሳዩ፤ በአንድ በኩል የመርከብ ሞተር ጩኸት ይጨምራል፣ በሌላው በኩል እንስሳቱ ሲመናመኑ የእነርሱ ድምፅ ይቀንሳል። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ ዐረቦች ባብ ኤል መንደብ፣ የልቅሶ በር ያሉትን መተላለፊያ ላሰበ ሰው፣ ስሙ ሳይታወቅ የተነገረ ትንቢት ይመስላል።

ማዳመጡ ከቁጭት ያለፈ ፍሬም አለው። በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር አጠገብ ተመራማሪዎች በሞተ ኮራል ላይ ድምፅ ማጉያ አስቀምጠው የጤናማ ኮራል መንደርን ጫጫታ 40 ቀን አሰሙበት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ ድምፁ የተሰማበት ቦታ ካልተሰማበት እጥፍ ያህል ዓሣ ሰበሰበ። በሰፊው ባሕር የምትንሳፈፍ የዓሣ ጫጩት መኖሪያዋን የምትፈልገው በጆሮዋም ጭምር ነውና፣ ዝም ያለ መንደር ለእርሷ ወና ቤት ነው።

ባለፈው የበዓል ሰሞን ወደ ለገሃር ወርጄ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ውጭ ያልፋል፤ በአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ሰዉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥበታል። ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ቃኝቼ እንደ ጋሼ ተንበረከክሁና ጆሮዬን በብረቱ ላይ አሳረፍሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ግን ከማቋረጫው በኩል አንዲት ባጃጅ ሐዲዱን ስትሻገር፣ መንኮራኩሯ ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል በጉንጬ አጥንት ውስጥ ተሰማኝ። ቀና ስል አንድ ሕፃን ቆሞ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ምን ይሰማል?» አለኝ።

ቦታውን ለቀቅሁለት።