«ጉድለት ውስጥ ነኝ» ምን ዓይነት አማርኛ ነው?

«አሁን የካሎሪ ጉድለት ውስጥ ነኝ።» ይህን የሚለው ጎረምሳ ጤነኛ ነው፤ ሥራ አለው፤ ማለዳ ተነሥቶ ይሮጣል። የሰማው ሰው ግን ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። ምን ጎደለበት? ማን አጎደለበት? እንዴትስ ይወጣል? ልጁ ሊናገር የፈለገው ሰውነቱ በቀን ከሚያቃጥለው አሳንሶ እየበላ መሆኑን ነው፤ ቦርጭ እያጠፋ ነው። ሐረጉ ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ወደ ጂም አሠልጣኞች፣ ከአሠልጣኞቹ ወደ ቲክቶክ፣ ከዚያም ወደ ቡና ጨዋታ ገብቷል። ነገ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ከማግኘታችን በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል።

ጽንሰ ሐሳቡን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው አንድ ካሎሪ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዎተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባወጡት ስሌት መሠረት አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል። ሰው ከሚያወጣው አሳንሶ ሲያስገባ ሰውነቱ ልዩነቱን ካጠራቀመው ስብ ይሸፍናል። እንግሊዝኛው «ካሎሪ ዴፊሲት» የሚለው ይህንን ነው።

ከሁለቱ ቃላት «ካሎሪ» ላይ ጠብ የለኝም። «ካሎር» በላቲን ሙቀት ማለት ነው፤ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ያስተማሩበት ፈረንሳዊው ኒኮላ ክሌማን ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዙም ጀርመኑም እንዳለ ወስዶታል፤ እኛም እንደ ኪሎና እንደ ሊትር ተቀብለነዋል። መለኪያ ሲመጣ ከነስሙ ቢመጣ ቋንቋ አይጎዳም። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ቃል ላይ ነው፤ እሱ መለኪያ አይደለም፣ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው ቃል የቀረቡትን ዕጩዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንዳንዱ «የካሎሪ እጥረት» ይላል። «እጥረት» ከ«አጠረ» የተገኘ ነው፤ ሊደርስ ከሚገባው ቦታ ሳይደርስ መቅረትን ይናገራል። የውሃ እጥረት፣ የነዳጅ እጥረት፣ የመድኃኒት እጥረት እንላለን። የጤና ባለሙያዎችም በምግብ ዕጦት የተጎዳን ሕፃን ችግር «የተመጣጠነ ምግብ እጥረት» ብለው ሰይመውታል። ረኃብን በስሙ በሚያውቅ ሕዝብ ቋንቋ «የካሎሪ እጥረት» የዕርዳታ እህል መጠየቂያ ደብዳቤ ላይ እንጂ ጂም ግድግዳ ላይ አያምርም። «ማነስ» የሚሉም አሉ፤ እሱን ግን «የደም ማነስ» ቀድሞ ወስዶታል፤ ከሐኪም ቤት አይወጣም። «የካሎሪ ቅናሽ» የሚለውን ስሰማ ደግሞ የበዓል ሰሞን ሱቅ ይታየኛል።

«ጾም» ልንለው የሚቃጣንም አለን፤ «ጾም» ግን የራሱ ሕግ ያለው የቆየ ቃል ነው። ጾም የሚለካው በሰዓትና በምግብ ዓይነት ነው፤ ምን ያህል ኃይል እንደገባ አይጠይቅም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ዘይት ሳይሰስቱ በተሠራ የጾም ወጥ ሁለት ወር የከረመ ሰው ጾሙን ሳያፈርስ ሊወፍር ይችላል። ሁለቱን ማቀላቀል ጾሙንም ሒሳቡንም ያበላሻል።

ከሁሉ የገነነው «ጉድለት» ነው። የመጣው ከገንዘብ ሚኒስቴር ሰፈር ይመስለኛል፤ «የበጀት ጉድለት» የተለመደ አማርኛ ስለሆነ ተርጓሚው «ዴፊሲት» ሲያይ እጁ ወደዚያ ሄደ። የበጀት ጉድለት ግን ማንም ደስ ብሎት የሚገባበት አይደለም። የቃሉን ጎረቤቶች ደግሞ ቁጠሯቸው፤ የሥነ ምግባር ጉድለት፣ የአሠራር ጉድለት፣ ጎደሎ ቀን። እንግሊዝኛው በሽታ የሚሆነውን «ዴፊሸንሲ»፣ የሒሳቡን «ዴፊሲት» ብሎ ስለለየ አይደናገርም። እኛ የቫይታሚኑንም የአመጋገቡንም በአንድ «ጉድለት» ከጠራን፣ አንዱ የሚታከም፣ ሌላው የሚፈለግ መሆኑን ሰሚው ከየት ያውቃል?

በዚህ ላይ «ውስጥ ነኝ» ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። አማርኛ «ችግር ውስጥ ነኝ»፣ «ዕዳ ውስጥ ገባሁ» ይላል፤ ሳይወዱ የሚገባበትን ነው እንዲህ የሚለው። ሰው ወዶና አስቦ የሚያደርገውን በ«ውስጥ ነኝ» አይናገርም። እየተማረ ያለ ተማሪ «ትምህርት ውስጥ ነኝ» አይልም፤ «እየተማርኩ ነው» ይላል። ቋንቋችን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግሥ ይወዳል፤ ስም ስንሰጠው ያነክሳል።

የኔ ምርጫ ያለው እዚያው ግሥ ውስጥ ነው። «ጎደለ» እና «አጎደለ» አንድ አይደሉም። እንስራው ጎደለ ካልን ውሃው ተንኖ ወይም ፈስሶ ሊሆን ይችላል፤ አጎደለችው ካልን ግን የቀዳ እጅ አለ። በአንዲት «አ» አድራጊው ብቅ ይላል፤ በዛ፣ አበዛ፤ ከሳ፣ አከሳ፤ ወጣ፣ አወጣ። «ጉድለት» የተሠራው አድራጊ ከሌለው «ጎደለ» ነው፤ ስለዚህ በራሱ የመጣ ነገር ይመስላል። የካሎሪው ጉዳይ ግን በራሱ አይመጣም፤ ሰው ነው የሚያጎድለው። እናም «አጉድሎ መብላት» እላለሁ።

አፍ ላይ እንሞክረው። ሐኪም «በቀን 500 ካሎሪ አጉድለህ ብላ» ቢል በሽተኛው አስተርጓሚ አይፈልግም። አሠልጣኝ «ሁለት ወር አጉድለሽ ብትበዪ ለውጡን ታዪዋለሽ» ሊል ይችላል። ጎረምሳውም «ጉድለት ውስጥ ነኝ» በማለት ፈንታ «አጉድዬ እየበላሁ ነው» ቢል እናቱ አትደነግጥም፤ ምናልባት ትቆጣ ይሆናል እንጂ። ቁጥሩን ብቻ መጥራት ሲያስፈልግ «ያጎደልኩት ካሎሪ» ይበቃል። የቃሉ ጓደኞችም አብረው ይመጣሉ፤ ሰውነት የሚያወጣውን ያህል መብላት «በልክ መብላት»፣ ከዚያ ማለፍ «አብዝቶ መብላት» ይሆናል። ለኋለኛው «አትርፎ መብላት» ያሰኘ ነበር፤ ግን ያተረፈ ሰው ትራፊ ስላስቀረ ትርጉሙ ይገለበጣል።

የሚቃወመኝ አንባቢ «እምነት ማጉደል» የወንጀል ስም መሆኑን ያነሣል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ያዥም ሲያጎድል ይከሰሳል። ግን የሚያስከስሰው የሰውን ነገር ማጉደሉ ነው። ከራሱ ሆድ ያጎደለን የሚከስ ሕግ የለም።

ይህ ሁሉ የቃል ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስል ወደ ገበያው ልውሰደው። ዛሬ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ከፍሎ ፕሮግራም ውስጥ መግባት፣ ወይም ራሱ ካሎሪ መቁጠር። አማርኛ ለዚህም ቃል አላጣም፤ አንዱ ማስቆጠር፣ ሌላው መቁጠር ነው።

የማስቆጠሩ ንግድ ታላቅ ስም «ዌት ዎቸርስ» ነው። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ የሚኖሩ ጂን ኒደች የተባሉ የቤት እመቤት ከከተማው ጤና ቢሮ ያገኙትን የአመጋገብ ዝርዝር ይዘው ጓደኞቻቸውን ሳሎናቸው ሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስብሰባው ኩባንያ ሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ መውጣት፣ መወያየት፣ መበረታታት ነበር ሥራው። በ1990ዎቹ ኩባንያው ካሎሪን «ነጥብ» በሚባል በራሱ መለኪያ ተካው፤ የነጥቡንም ቀመር ደጋግሞ ቀያየረው። ካሎሪ የማንም አይደለም፤ ነጥቡ ግን የኩባንያው ነው፤ ነጥብ የለመደ ደንበኛ ያለ ኩባንያው ምሳውን መመዘን ይቸገራል። የማቅጠኛ መድኃኒቶች ገበያውን ካናወጡት በኋላ ይኸው ኩባንያ በ2025 ከዕዳው ለመገላገል የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠይቋል።

የኩባንያው ስብሰባ ይሠራል ወይ? ይሠራል፤ በመጠኑ። በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 423 ሰዎችን ሁለት ዓመት ተከታትሏል። ስብሰባውን የተካፈሉት በአማካይ 2.9 ኪሎ ሲቀንሱ፣ አጭር ምክር ተሰጥቷቸው በራሳቸው እንዲጥሩ የተተዉት 0.2 ኪሎ ብቻ ቀነሱ። በ2017 የወጣው የእንግሊዝ ጥናትም ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አነስተኛ መጽሐፍና አጭር ምክር ብቻ ያገኙት 3.3፣ 12 ሳምንት የተሰበሰቡት 4.8፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰቡት 6.8 ኪሎ ያህል ቀንሰዋል። በሁለቱም ጥናቶች ተሳታፊዎቹ ወደ ስብሰባው የገቡት በነፃ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው መክፈሉ አይደለም፤ በየሳምንቱ ሰው ፊት ሚዛን ላይ መቆሙና መቀጠሉ ይመስለኛል።

መቁጠሩም አዲስ አይደለም። ካሊፎርኒያዊቷ ሐኪም ሉሉ ሀንት ፒተርስ በ1918 ባሳተሙት መጽሐፍ ሴቶች ዳቦን በቁራሽ ሳይሆን በካሎሪ እንዲጠሩ አስተምረዋል። ዛሬ እርሳሱን ስልክ ተክቶታል። ከ2005 ጀምሮ ያለው የካሎሪ መቁጠሪያ «ማይፊትነስፓል» ብዙ ሰው በነፃ የለመደው ነው፤ ባርኮድ ማንበቢያውን ግን በ2022 ለሚከፍሉ ብቻ አድርጎታል። በራስ መቁጠር ርካሽ ነው፤ የሚታዘብ ዓይን ግን የለውም፤ የሰለቸው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢተወው ማንም አይጠይቀውም።

ትክክለኛነትም የሚያሳስበው ሰው አለ። የአሜሪካ ሕግ እንኳ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ካሎሪ እስከ 20 በመቶ መብለጥን ይታገሣል። እንጀራ ማሸጊያ የለውም፤ መጠኑም እንደ ምጣዱ ነው። ከአንድ ትሪ አራት ሆነን ስንበላ፣ በመካከሉም ጉርሻ ሲመጣ፣ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ስልክ አልተሠራም። ቢሆንም ለዚህ ሥራ «በሞላ ጎደል» ይበቃል። የሚፈለገው ዘይቱን፣ ለስላሳ መጠጡን፣ ቢራውንና ከምግብ መሐል የሚቀመሰውን ሳይደብቁ መጻፍ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ብቻውን ጀምሮ ደጋግሞ የተወ፣ ገንዘቡም የማያንሰው ሰው ቢከፍል አልነቅፈውም፤ የሚገዛው የሚጠብቀውን ዓይን ነው። ደብተርና ጥቂት ጽናት ያለው ግን በነፃ እዚያው ይደርሳል፤ ሚዛን ላይ አብሮት የሚወጣ አንድ ወዳጅ ካገኘ ደግሞ ስብሰባውንም አገኘ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ቆጠራውን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ ማጉደሉን ግን በሁለቱም መንገድ ማንም ለማንም አያጎድልለትም። «ጉድለት» የሚለው ቃል የሚደብቀው ይህንን ነው፤ ኩባንያ የሚሸጠው፣ ደንበኛ የሚገባበት ዕቃ ያስመስለዋል።

አሠልጣኞች፣ የጤና ፕሮግራም አዘጋጆች፣ መተግበሪያ ወደ አማርኛ የምትመልሱ ወጣቶች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ቃሉ ገና አልጠነከረም፤ ዛሬ ብታርሙት ይታረማል። «ካሎሪ»ን ተዉት፤ «ጉድለት»ን ለበጀቱ መልሱለት፤ ለሰው «አጉድለህ ብላ»፣ «አጉድለሽ ብዪ» በሉት።