ስኳር የሀብታም በሽታ ነው? የጎንደር ገጠር ያስተማረን ታሪክ



«ስኳር እኮ የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወፍራም፣ ከተሜ፣ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ብቻ የሚይዘው ይመስለናል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቀሪው ግማሽ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

እውነት ከሆነው እንጀምር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በከተማ ከ100 ሰው 5 ያህሉ፣ በገጠር ደግሞ 2 ያህሉ የስኳር ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በአንድ አካባቢ ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ከተማ ውስጥ የእግር መንገድ ይቀንሳል፣ መቀመጥ ይበዛል፣ ዘይትና ለስላሳ መጠጥ በየቀኑ ይገባል፣ ቦርጭ ይመጣል። ይህ ዓይነት ሁለት የምንለው፣ በብዛት የሚታየው የስኳር ሕመም ነው።

ነገር ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ቁጥር አለ። ሕመሙ ከተገኘባቸው ሰዎች ውስጥ ከ10ሩ 7 ያህሉ እስከዚያች ቀን ድረስ ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። በገጠር ደግሞ ያላወቁት ከ10ሩ 8 ያህል ነበሩ። ስለዚህ «ገጠር ስኳር የለም» የምንለው ብዙ ጊዜ ስላልለካን ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ብቻም አይደለም፤ በዓይነትም ነው።

ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በጅማ ለዓመታት የተከታተሏቸውን ሕሙማን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናት አወጡ። ከገጠር የሚመጡት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ከመጻሕፍቱ ጋር አልገጥም አሉ። በጣም ቀጫጭኖች ናቸው፤ ድሆች ናቸው፤ ወንዶች ይበዙባቸዋል። በአውሮፓ ኢንሱሊን የግድ የሚለው ዓይነት አንድ ስኳር በብዛት በልጅነት ሲጀምር፣ እነዚህ ግን ብዙዎቹ የታመሙት በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ገና የእርሻ ጉልበት ላይ ሳሉ ነው። አጥኚዎቹ «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚባለውን ጉዳይ እንደገና እንክፈተው?» ብለው ጠየቁ።

«እንደገና» ያሉት ጉዳዩ አዲስ ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሂው ጆንስ የተባለ ሐኪም በጃማይካ ከሁለቱ ከሚታወቁት ዓይነቶች ጋር የማይገጥሙ ከሲታ ሕሙማንን ገልጾ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ይህንን ሕመም በዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። በ1999 ግን «የምግብ እጥረት ብቻውን ስኳር እንደሚያመጣ ማስረጃው በቂ አይደለም» ተብሎ ወጣ። ስሙ ቢሰረዝም ሕሙማኑ ግን ወደ ሕክምና መምጣታቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በስያሜው ዛሬም የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ። መሠረታዊው ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ በማኅፀንና በልጅነት የተራበ ሰውነት ቆሽቱ በሚገባ ላያድግ ይችላል፤ በኋላም በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቅተዋል።

ይህ ታሪክ ለእናንተ ምን ይጠቅማል?

1. ቀጭን መሆን ከስኳር አያድንም። ወጣት ልጃችሁ ወይም አገር ቤት ያለ ዘመዳችሁ ውሃ ጥም ከበዛበት፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰ፣ እየበላ ከከሳ፣ «ቡዳ ነው»፣ «ወስፋት ነው» ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። የሳንባ ነቀርሳ ሲመረመር ስኳሩም እንዲለካ ጠይቁ። ከጣት ጫፍ የምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ናት።

2. ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም መፍዘዝ ከመጣ ለነገ አይባልም፤ በተለይ ልጅ ከሆነ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

3. ለከተማው ወፍራም ሰው የሚሰጠውን ምክር ለከሳው አትስጡ። «ስኳር አለብህ» ብሎ ቀጭኑን ሰው ምግብ መከልከል ይጎዳዋል። እሱ የሚያስፈልገው በሐኪም የተመጠነ መድኃኒትና በቂ፣ የተመጣጠነ ምግብ ነው።

4. የታዘዘ ኢንሱሊን «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም። ፍሪጅ ከሌለ ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ጥላ ቦታ በተቀመጠ፣ ዙሪያው እርጥበት ባለው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኑሩት።

5. ነፍሰ ጡር እናትን እና ሕፃን ልጅን በደንብ መመገብ የነገውን ቆሽት መጠበቅም ሊሆን ይችላል።

አገር ቤት ስትደውሉ «ክብደትህ እንዴት ነው? ውሃስ አይጠማህም?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ጽሑፉን ለሚያስፈልገው ሰው አካፍሉ።