የአሮጌ መርከብ እውነተኛ ዋጋ፤ ስለ ባሕር ኢንሹራንስ ታሪክ አጭር ጥናት

አንድ ሰው በገበያ በቅሎ ሊገዛ ሲፈልግ አስቀድሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ሻጩ «ገና ልጅ ናት» ብሎ ቢምልም ጥርሷ ዕድሜዋን ይመሰክርባታል። ነገር ግን አስተዋይ ገዥ በዚህ ብቻ አይረካም፤ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ሰኮናዋን ያነሣል፤ አረማመዷንም ያያል። በወጉ የተያዘች አሮጌ በቅሎ፣ ጀርባዋ ከተመላለጠ ወጣት በቅሎ እንደምትሻል ያውቃልና ነው። የመርከብም ነገር እንደዚሁ ነው። ዳሩ ግን መርከብ ጥርስ የላትም፤ የሚበሰብሰውም እንጨቷ ከውሃ በታች የተሰወረ ነው። እንግዲህ ሃያና ሠላሳ ዓመት በባሕር ላይ የኖረች ባለ ሸራ መርከብ ምን ያህል ታወጣለች? ዋጋዋንስ የሚወስነው ማን ነው?

የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በእንግሊዝ አገር የባሕር ኢንሹራንስ ታሪክ መመርመር ነው። እንግሊዝን የመረጥንበት ምክንያት፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የባሕር ኢንሹራንስ ዋና ገበያ ሎንዶን ስለ ነበረችና የዚያ አገር ፍርድና ልማድ ለብዙ አገሮች አርአያ ስለ ሆነ ነው። ነገሩ የነጋዴዎች የሒሳብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ለአንባቢ ሊታየው ይችላል። እኛም ጥናቱን ስንጀምር እንደዚያ መስሎን ነበር። ነገር ግን ወደ ውስጡ በገባን ቁጥር፣ በውል ወረቀት ላይ የተጻፈው የመርከብ ዋጋ የመርከበኞችን ሕይወት የሚነካ ሁኖ አገኘነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመርከብ ዋጋ ማታለል የቆየ ነገር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴና ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ የባሕር ብድር ነበረ፤ ይኸውም መርከቧ በደኅና ከገባች ተበዳሪው ገንዘቡን ከከፍተኛ ወለድ ጋራ ይከፍላል፤ ከሰጠመች ግን ዕዳው ይሰረዝለታል። ከዴሞስቴኔስ ንግግሮች ጋራ በቆየልን አንድ የክስ ንግግር እንደ ተነገረው፣ ሄጌስትራቶስ የሚባል የመርከብ አለቃ በሰራኩስ ገንዘብ ተበድሮ ገንዘቡን ወደ አገሩ ወደ ማሳልያ ላከ፤ ከዚህ በኋላ ከባልንጀራው ከዜኖቴሚስ ጋራ ተማክሮ በሌሊት የመርከቧን ሆድ ይሰነጥቅ ጀመር። በመርከቧ የነበሩት ሰዎች ድምፁን ሰምተው ሲደርሱበት፣ ለማምለጥ ወደ ትንሿ ጀልባ ዘለለ፤ ነገር ግን ጀልባዋን ስቶ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። መርከቧም በመርከበኞቹ ብርታት ተረፈች። እንግዲህ መርከብ ከመዳኗ ይልቅ መጥፋቷ የሚጠቅመው ሰው ካለ፣ በእርሷ ላይ ያሉት ነፍሳት ሁሉ በአደጋ ላይ መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያስረዳናል።

እንደ ዛሬው ያለ ኢንሹራንስ፣ ማለት ከብድር የተለየ የመድንነት ውል፣ በጣልያን የወደብ ከተሞች የተጀመረ ነው። እስከ ዛሬ ከታወቁት ውሎች ቀደምት የሚባለው በ1347 በጄኖቫ የተጻፈው ነው። ወደ እንግሊዝ ስንመለስ፣ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው በሎንዶን ታወር በሚባለው መንገድ ቡና ቤት ነበረው፤ ይህም ቡና ቤት በ1688 ተጠቅሶ ይገኛል። በዚያ የመርከብ አለቆችና ነጋዴዎች ወሬ ለመስማት ይሰበሰቡ ነበር። ቡና ቤቱ በ1691 ወደ ሎምባርድ መንገድ ተዛወረ። መድን ለመሆን የሚፈልግ ባለ ገንዘብ በውሉ ግርጌ ስሙንና የሚችለውን የገንዘብ መጠን ይጽፍ ነበር። ባለቤቱ በ1713 ቢሞትም ስሙ እስከ ዛሬ የዓለም ታላቅ የኢንሹራንስ ገበያ ስም ሁኖ ቀርቷል።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው ምንም ድርሻ በሌለው መርከብ ላይ እንኳ ኢንሹራንስ ሊገባ ይችል ነበር። ይህ በእውነቱ ውርርድ እንጂ መድንነት አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1746 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ከለከለ፤ በሕጉም መግቢያ ብዙ መርከቦች በዚህ ምክንያት በተንኮል እንደ ጠፉ ተገልጿል። ሆኖም ሕጉ የውርርድን በር ቢዘጋም ሌላ ጠባብ በር ክፍት ቀረ። ባለ መርከቡ ድርሻ እንዲኖረው ተፈለገ እንጂ፣ መርከቡ ስንት እንደሚያወጣ የሚናገረው እርሱው ራሱ ነበር። መድን ሰጪው በተናገረው ዋጋ ከተስማማ፣ ዋጋው በውሉ ላይ ይጻፋል፤ በ1761 ሎርድ ማንስፊልድ በፈረዱት በሉዊስና በራከር ክርክርም እንዲህ ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠበት ውል እንደ ውርርድ የማይቈጠር መሆኑ ታወቀ።

መድን ሰጪዎቹስ መርከብን የሚያውቁት በምን ነበር? ለዚሁ ሲሉ በ1760 ማኅበር አቋቁመው የመርከቦችን መዝገብ ማሳተም ጀመሩ። እስከ ዛሬ ከተረፉት መዝገቦች ቀደምት በሆነው በ1764ቱ መዝገብ ውስጥ የመርከቧ አካል እንደ ደኅንነቱ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ በሚሉት አምስት የእንግሊዝ አናባቢ ፊደሎች ይመደብ ነበር። ሸራዋ፣ ገመዷና መልሕቋም ደኅና፣ መካከለኛ ወይም መጥፎ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዕቃው ደረጃ በቍጥር ስለ ተተካ፣ «ኤ አንድ» የሚለው ምልክት በ1775 በመዝገቡ ታየ።

ነገር ግን በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ማኅበሩ ደንቡን ለወጠ። የመርከብ ደረጃ በተሠራችበት ቦታና በዕድሜዋ ብቻ እንዲወሰን አደረገ። በቴምዝ ወንዝ ዳር የተሠራች መርከብ በአንደኛው ደረጃ ብዙ ዓመት ስትቈይ፣ በሌላ ቦታ የተሠራችው ቶሎ ትወርድ ነበር። ዕድሜዋ ከሞላ፣ ባለቤቷ እንጨቷን ለውጦ ቢያድሳትም እንኳ ወደ ቀድሞው ማዕርጓ አትመለስም። ይህ ማለት በቅሎን ጥርሷን ብቻ አይቶ መግዛት ነው። ባለ መርከቦቹ በዚህ ተቈጥተው በ1799 የራሳቸውን መዝገብ አሳተሙ፤ እንደ ሽፋናቸው ቀለም የመድን ሰጪዎቹ አረንጓዴ መጽሐፍ፣ የባለ መርከቦቹ ደግሞ ቀይ መጽሐፍ ተባሉ። ሁለቱም ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሲወዳደሩ ከኖሩ በኋላ ገንዘብ ስላጠራቸው በ1834 ታርቀው አንድ ማኅበር ሆኑ። በአዲሱም ደንብ መርከብ እንደ እንጨቷና እንደ አሠራሯ የዓመታት ወሰን ተሰጣት፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን በመርማሪ ታይታ ደኅና ሁና ከተገኘች ወይም ከታደሰች ዘመኗ እንዲራዘምላት ተፈቀደ። በእኛ አስተያየት የአሮጌ መርከብ እውነተኛ ዋጋ በዓመት ቍጥር ሳይሆን በምርመራ እንዲታወቅ መንገድ የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ዋጋው ሲጐድልና ሲበዛ የሚመጣውን እንመልከት። አስቀድመን የሚጐድለውን እናስቀድም። በቆየው ልማድ መሠረት፣ የተጐዳች መርከብ ስትጠገን አሮጌው ሸራ በአዲስ፣ አሮጌው ሳንቃም በአዲስ ስለሚተካ ባለቤቱ በጉዳቱ እንዳይከብር ተብሎ ከጥገናው ወጪ ሲሶው ይቀነስበት ነበር። ከዚህም በላይ ባለቤቱ አረቦን ለመቈጠብ ሲል ከዋጋዋ ያነሰ ኢንሹራንስ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ለጐደለው ድርሻ ራሱ መድን እንደ ሆነ ይቈጠራል። ለምሳሌ በውሉ ላይ 3,000 ፓውንድ የተገመተች መርከብ ለ2,000 ብቻ መድን ተገብቶላት የ900 ፓውንድ ጉዳት ቢደርስባት፣ አስቀድሞ ሲሶው ሲቀነስ 600 ይቀራል፤ ከዚህም መድን ሰጪው የሚከፍለው ሁለት እጁን፣ ማለት 400 ፓውንድ ነው። የቀረው 500 በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ሀብቱ አንዲት አሮጌ መርከብ ብቻ ለሆነች ሰው ይህ ታላቅ ጥፋት ነው።

ዋጋው ሲበዛ ስለሚመጣው ነገር ደግሞ ጀኔራል ኪድ የተባለችው መርከብ ታሪክ ታስተምረናለች። ይህች መርከብ በካልካታ የተሠራች፣ ብዙ ጊዜም ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያገለገለች ባለ ሸራ መርከብ ነበረች። በእርጅናዋ ዘመን በማዕበል ተጐዳች። በኢንሹራንሱ ውል ላይ የተጻፈው ዋጋ 17,500 ፓውንድ ነበር። ጥገናዋ 10,500 ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ተገመተ፤ ተጠግና ብትሸጥ ግን የምታወጣው 9,000 ብቻ ነበር። መድን ሰጪዎቹ «17,500 ታወጣለች ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ ጥገናዋ ከዋጋዋ ያንሳልና እንደ ጠፋች አትቈጠርም» ብለው ተከራከሩ። ኢርቪንግና ማኒንግ በሚል ስም የታወቀው ይህ ክርክር እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ1847 ተፈረደ። ፍርዱም እንዲህ ነው፤ መርከቧ እንደ ጠፋች መቈጠሯን የሚወስነው የገበያው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ በ9,000 መርከብ ላይ 10,500 የሚያወጣ አስተዋይ ሰው ስለሌለ እንደ ጠፋች ትቈጠራለች፤ የሚከፈለው ገንዘብ ግን በውሉ የተጻፈው 17,500 ነው። ሁለቱ ወገኖች ወደውና ፈቅደው ዋጋውን ከቈረጡ፣ ፍርድ ቤት ውላቸውን አያፈርስም።

በዚህ ክርክር ማንም በተንኮል አልተከሰሰም፤ ፍርዱም በሕግ ረገድ ቀና ነው። ነገር ግን አንባቢ ቍጥሮቹን ያስተያይ። ያች መርከብ በባለቤቷ እጅ በደኅና ብትኖር የምታወጣው፣ ስትጠፋ ከምታስገኘው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። መድን ሰጪዎች ከጊዜ በኋላ በውሎቻቸው ላይ «የውሉ ዋጋ እንደ ገበያው ዋጋ ይቈጠራል» የሚል ቃል እየጨመሩ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክረዋል።

ቀዳዳው ያለው ግን በመድን ሰጪዎች ኪስ ላይ ብቻ አልነበረም። መርከበኛው በዚያ ውል ላይ አልፈረመም፤ ዋጋው ሲቈረጥም አልተጠየቀም። በውል ከተቀጠረ በኋላ «ይህች መርከብ አሮጌ ናት፤ አልሳፈርም» ቢል ወደ ወህኒ ይወርድ ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት ጄምስ ሆል የተባለ የኒውካስል ባለ መርከብ ይህን በደል ለሕዝብ ገለጠ፤ ከእርሱም በኋላ የደርቢ ከተማ እንደራሴ ሳሙኤል ፕሊምሶል በ1873 መጽሐፍ አሳትሞ አንዳንድ ባለቤቶች የበሰበሱ መርከቦችን ከዋጋቸው በላይ መድን እየገቡ፣ ከልክ በላይም እየጫኑ ይልካሉ ሲል ከሰሰ። ሕዝቡም እነዚያን መርከቦች የሬሳ ሣጥን ብሎ ጠራቸው። እርግጥ ነው፣ ፕሊምሶል በጻፈው ሁሉ አልተሳካለትም፤ በስም ማጥፋትም ተከሷል። ነገር ግን ሐምሌ ወር 1875 መንግሥቱ የሕጉን ረቂቅ ሲተወው፣ በፓርላማ ተነሥቶ በቍጣ ጮኸ፤ አገሩም ከእርሱ ጋራ ጮኸ። በ1876 በወጣው ሕግ በእያንዳንዱ መርከብ ጐን የጭነት ወሰን ምልክት እንዲደረግ ታዘዘ። ምልክቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ባለቤቱ ራሱ ይመርጥ ስለ ነበር፣ ቦታው በሕግ እንዲወሰን እስከ 1890 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በ1906 የወጣው የእንግሊዝ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ የቆየውን ልማድ በአንቀጽ ሰበሰበው። በዚህም ሕግ፣ ተንኮል ከሌለ በቀር፣ በውሉ የተቈረጠው ዋጋ በሁለቱ ወገኖች መካከል የመጨረሻ ነው። ይህ ደንብ ዛሬም የትንንሽ ባለ ሸራ መርከቦች ባለቤቶችን ይጠቅማል፤ አንድ ሰው በገዛ እጁ ያደሳት አሮጌ ጀልባ በገበያ ዋጋ ብቻ እንዳትመዘንበት፣ መርማሪ አይቶ በመሰከረላት ዋጋ ሊዋዋልባት ይችላል። ሲሶውን የመቀነሱ ልማድም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ1985 በሎንዶን በተዘጋጀው የመዝናኛ ጀልባ ውል ለሸራና ለገመድ ተጠብቆ ይገኛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድር ነው? የአሮጌ መርከብ ዋጋ በሦስት መንገድ ሲፈለግ አይተናል፤ በዓመት ቍጥር፣ በሁለት ወገን ስምምነትና በምርመራ። የዓመት ቍጥር ደኅናይቱን ከበሰበሰችው ጋራ አንድ ያደርጋታል። ስምምነት ክርክርን ያሳጥራል፤ ነገር ግን የተስማሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ምርመራ ግን እንጨቱን ራሱን ይጠይቃል፤ እንጨቱም ለባለቤቱም ለመድን ሰጪውም አያደላም። ስለዚህ ውሉ እውነተኛ የሚሆነው ምርመራ ሲቀድመው ነው እንላለን።

ከዚህም ሌላ የፕሊምሶል ምልክት አንድ ነገር ያሳስበናል። በመርከቧ ጐን የተሣለው መስመር ስለ ዋጋ የሚናገረው ነገር የለም። ቢሆንም ገንዘብ ለሌለውና በውሉ ስሙ ላልተጻፈው መርከበኛ፣ ወደቡ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሊያነበው የሚችለው ዋስ እርሱ ብቻ ነበር።