ዓሣ ይጫወታልን?

ዓሣን ለመብል ሳይሆን ለዓይን ደስታ ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። ቻይናውያን በዘመነ ሱንግ ወርቃማውን ዓሣ በኩሬ እያረቡ መልኩን በየትውልዱ ይለውጡት ነበር። ነገር ግን በኩሬ ያለ ዓሣ የሚታየው ከላይ፣ በጀርባው በኩል ስለ ሆነ ጠባዩን ለመመርመር አይመችም። መጋረጃውን የገለጠው መስታወት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1850 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውኃ ሣርና የበሰበሰ ቅጠል ከሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጋራ በመስታወት ገንዳ አኑሮ፣ ሣሩ ለዓሣው፣ ዓሣውም ለሣሩ የሚያሻውን አየር እየሰጡ እርስ በርሳቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረዳ። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት መናፈሻ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ ጸሐፊ ስለ አኳሪየም፣ ማለት ስለ መስታወቱ ገንዳ፣ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜም ልማዱ እስከ ባለጸጎች እልፍኝ ዘለቀ።

ሕዝቡ ያደነቀው ግን መልኩንና ቀለሙን ነው እንጂ፣ ይህ ፍጥረት ይጫወት ይሆን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ቡችላ ሲፈነጥዝ ጅራቱን ይቆላል፤ የዓሣ ፊት ግን ደስታንም ኀዘንንም አይገልጽምና፣ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ ብቻ የሚመላለስ አድርጎ ቈጠረው። ይህ ፍርድ ከዓሣው ባሕርይ ይልቅ የተመልካቹን ችኮላ የሚያሳይ ይመስለኛል። ካርል ግሮስ የተባለው ጀርመናዊ በ1896 ዓ.ም. ስለ እንስሳት ጨዋታ በጻፈው መጽሐፍ ጨዋታን ለኋለኛው ኑሮ መለማመጃ አድርጎ ተረጐመው፤ በ1944 ዓ.ም. ደግሞ ጉጀር የተባለ አሜሪካዊ በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ነገር እየዘለሉ ስለሚያልፉ ዓሦች ጽፎ ነበር፤ የዓሣ ጨዋታ ጉዳይ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም።

ጐርደን በርግሃርት የተባሉት የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ሚዛን አቆሙ፦ ለጊዜው ለኑሮ የማያስፈልግ፣ በፈቃድ የሚደረግ፣ አደራረጉ ከቁም ነገሩ የተለየ፣ እየተደጋገመ የሚመለስ፣ እንስሳውም ጠግቦና ያለ ሥጋት ተዘልሎ ሳለ የሚፈጽመው ድርጊት ጨዋታ ይባላል። ሚዛኑ ፈገግታን አይጠይቅምና ለዓሣም በሩን ከፈተለት።

እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2015 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት የታንጋኒካ ሐይቅ ተወላጅ የሆነውንና በልጅነቱ ጥቁር ገላው በነጭ ነጠብጣብ የተዋበውን ትሮፊየስ ዱቦይሲ የተባለ ዓሣ ይመለከታል። በገንዳው ውስጥ ታቹ የከበደ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቴርሞሜትር ነበረ፤ ዓሣው በአፉ ሲገፋው ዘንበል ይልና ወዲያው ተመልሶ ይቀናል፤ ዓሣውም መልሶ ይገፋዋል። ሦስት ወንዶች፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ይህን ሲያደርጉ በፊልም ተቀርጸዋል፤ የአመታታቸውም ስልት እንደየጠባያቸው ይለያይ ነበር። ጠላት መስሎት ይሆናል የሚል ተከራካሪ አይታጣም፤ ዳሩ ግን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ሌላ ዓሣም በመስታወቱ ማዶ ቢታይም ባይታይም፣ ድርጊቱ አልተለወጠም። የቴርሞሜትሩ ተመልሶ መቅናት ራሱ ለዓሣው እንደ መልስ ሳይሆንለት አልቀረም፤ ወድቆ የሚቀር ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተመላለሰበት ነበር።

ከዚህ የተነሣ እኔ «ይጫወታል» ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን የገንዳው ኑሮ የሐይቁ ኑሮ አይደለም። በታንጋኒካ ይህ ዓሣ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥና ድንበሩን ሲያስከብር ይውላል፤ በገንዳው ግን ምግቡ ከሰው እጅ ይመጣለታል፣ አዳኝም የለበትም። ስለዚህ መስታወቱ ጨዋታውን ከማሳየቱ በፊት፣ ለመጫወት የሚሆን ትርፍ ጊዜውን ራሱ ሰጥቶት ይሆናል።