ከእንጦጦ ከፍታ እስከ ምጽዋ ዳርቻ፦ የጥንዶች አጭር ዕረፍት እንደ ታሪክ ምስክር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለታሪክ መድረክ የቀለለ ሊመስል ይችላል። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ፣ መሪ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንዲት ጥንታዊት የባሕር ጠረፍ ከተማ ጥቂት ቀን ለማረፍ አሰቡ እንበል። ወዴት ይሄዳሉ? በምን ይሄዳሉ? ስንት ቀን ይበቃቸዋል? የማንን ፈቃድ ይጠይቃሉ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች የግል ይመስላሉ። መልሳቸው ግን በሁለቱ ሰዎች እጅ ብቻ አይደለም። መንገድ የሠራው፣ የሥራ ፈቃድን በሕግ የወሰነው፣ ድንበር የከፈተው ወይም የዘጋው ሁሉ በዕቅዳቸው ውስጥ ድርሻ አለው። ስለዚህ የአንድን ዘመን ሰላምና ሥርዓት ለመመርመር የሚሻ ተመራማሪ፣ ከጦርነቱና ከውሉ ጎን ለጎን የዕረፍት ጉዞንም ቢመረምር ይጠቀማል የሚል እምነት አለኝ።

ለዚህ የመረጥኩት ምሳሌ ምጽዋ ነው። ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ በእንጦጦ ከፍታና በምጽዋ ዳርቻ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ባይለወጥም፣ በቀን ሲቆጠር ግን እንደ ፖለቲካው ሁኔታ ሲረዝምና ሲያጥር ኖሯል። ሁለተኛ፣ በአንዲት ከተማ ያረፈ እንግዳ ትዝታውን ይዞ ይመለሳል እንጂ ከተማይቱን ይዞ አይመለስም።

ከቤታችን ልጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ ለመከላከያ ይመች እንጂ ብርዱና ነፋሱ ጽኑ፣ የማገዶውም ችግር ብርቱ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ በአንኮበር ከጋብቻ የተሳሰሩት ምኒልክና ጣይቱ ከነቤተ መንግሥታቸው ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ኅዳር ወር ገደማ በዚያው ሳሉ ጣይቱ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ጠየቁ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሙት ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ጽፈዋል። እንግዲህ የምንኖርባት ዋና ከተማ የተጀመረችው ለዕረፍት ከወረዱበት የፍል ውሃ ዳርቻ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ስንናገር ግን ሌላውን ወገን መዘንጋት አይገባንም። ያ ውሃ ባለቤት የሌለው ውሃ አልነበረም። ሥፍራው ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የቱለማ ኦሮሞ ይኖርበት፣ ከብቱንም ያጠጣበት ነበር። ለዕረፍት የመጣው እንግዳ ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ፣ የቀደመው ነዋሪ ቀስ በቀስ ከመሬቱ ተገፍቷል። የዕረፍት ታሪክ ከእንግዳው ወገን ብቻ ሲነገር ግማሹ እንደሚጎድል ከዚህ ከቅርባችን እንማራለን። ነገሩን ወደ ምጽዋ ስንሻገር እንፈልገዋለን።

1879 ዓ.ም. ለምጽዋም የተለየ ዓመት ነበር። ጣልያን ከተማይቱን በ1877 ዓ.ም. ጥር ወር ከግብፅ እጅ ወስዳ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጥር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደር ያለውን የጣልያን ጦር ደመሰሱ። ጣልያንም ከሽንፈቱ በኋላ ጦሯንና ስንቋን ለማመላለስ ከምጽዋ ወደ ሰዓጢ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመረች። ስለዚህ በፍልውሃ የቤት መሠረት በሚጣልበት ዘመን፣ በባሕሩ ዳርቻ የጦር ሐዲድ ይነጠፍ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽርሽረኛን ያመላለሰው ያ ሐዲድ የተወለደው ለጦርነት ነው።

ከዚያ በፊት የደገኛው ሰው ስለ ባሕሩ የነበረው አስተሳሰብ ምን ይመስል ነበር? ነጋዴው ለጨውና ለጨርቅ፣ ተሳላሚው ወደ ኢየሩሳሌም ለመሻገር፣ መልእክተኛው ጳጳስ ለማምጣት ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ለማረፍ ብሎ የሚወርድ ግን አልነበረም። ቆላው ንዳድ ያለበት፣ ሰውና በቅሎ የሚያልቅበት ምድር ተደርጎ ይታይ ነበር። መንገዱም ቢሆን እንኳን ለአጭር ዕረፍት ለረጅም ጉዞም አያመችም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ደርሶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። በከተማይቱ ያገደው የናይቡ አስተዳደር ነበር፤ ከዚያ በኋላም በመንገድ ሦስት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ጉዞው ወራት በሚወስድበት ዘመን የአራት ቀን ዕረፍት የሚባል ሐሳብ ሊፈጠር አይችልም።

ከተማይቱ ራሷ ግን ለእንግዳ አዲስ አልነበረችም። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዟት፤ በ1865 ለግብፅ ተላለፈች፤ በ1885 ለጣልያን፤ በ1941 ለእንግሊዝ። ባጽዕና ጥዋለት የሚባሉት ሁለት ደሴቶቿ በድልድይ መንገድ እርስ በርስና ከየብስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶቿ፣ የእንጨት ፍርግርግ ያላቸው መስኮቶቿ፣ መስጊዶቿ፣ ሁሉም በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ካሉት ከሱዋኪንና ከዛንዚባር ጋር ዘመዳማ ያደርጓታል። እ.ኤ.አ. በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቷታል። ጥዋለት ላይ የቆመው ቤተ መንግሥት የመጀመሪያ መሠረቱ በግብፅ አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንዚንገር መኖሪያ ነበር። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ሳይሆን የበጋ ማረፊያ አደረጉት።

ይህ የወቅት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በደጋው ክረምት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ የምጽዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለማረፍ አይመችም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ይለዝባል፤ ለጠረፉ ጥቂት ዝናብ የሚዘንብለትም ያኔ ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ጊዜ አዝመራው የገባበት፣ ጥምቀት ያለፈበት፣ ዐቢይ ጾም ያልገባበት የሰርግ ወቅት ነው። ስለዚህ የጥር ሙሽሮች ዕረፍትና የምጽዋ መልካም አየር ያለማንም ቀጠሮ ይገናኛሉ።

ቃሉንም እንመርምር። ጫጉላ በጥንቱ ልማድ ሙሽሮች ከሚዜዎቻቸው ጋር ተለይተው የሚቆዩበት ዳስ ወይም ጎጆ ነው። ዋናው ነገር መቀመጥ፣ ከሰው ዓይን መሰወር፣ በዘመድ መጠበቅ ነበር። ዛሬ የጫጉላ ሽርሽር ስንል ግን አንዱ ቃል መቀመጥን፣ ሌላው መንቀሳቀስን ያመለክታል። ይህ ጥምረት ሊፈጠር የቻለው ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ሆቴልና መጓጓዣ ያለው የከተማ ኑሮ ሲመጣ ነው። ጥንዶቹን በሰርጋቸው ማግስት ከዘመድ ዓይን ያራቃቸው ዳሱ መሆኑ ቀርቶ ርቀቱ ሆነ።

ርቀቱን ያሳጠሩት ነገሮች በቅደም ተከተል እንዲህ ናቸው። ከምጽዋ የተነሣው ሐዲድ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ደረሰ፤ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአሥመራ በኩል አልፏል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ፌዴሬሽኑ በ1945 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ከአዲስ አበባ በጠዋት በአውሮፕላን ተነሥቶ፣ ከአሥመራ በባቡር ወይም በመኪና ቁልቁል ወርዶ፣ በዚያው ቀን በባሕሩ ዳር ማደር የሚቻል ሆነ። ብሩስ ወራት የፈጀበት መንገድ አንድ ቀን ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ምጽዋ የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ሰፈርም ነበረች። በየዓመቱ በበጋው ወራት በሚከበረው የባሕር ኃይል በዓል ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት መኮንኖች ይመረቁ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለጉብኝት ይመጡ ነበር። ባለሥልጣኑ፣ መኮንኑ፣ ነጋዴው፣ ደመወዙ የፈቀደለት የመንግሥት ሠራተኛ በጥዋለት ሆቴሎች ያርፍ፣ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ይንሸራሸር ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ለጥቂቶች ነበር። የአገሩ ብዙኃን ገበሬ ነው፤ ባሕሩን ሳያይ ኖሮ ሳያይ አልፏል።

አሁን ነገሩን ከምጽዋ ወገን እንየው። በ1950 ዓ.ም. በአሥመራና በምጽዋ ሠራተኞች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር፤ አድማው በኃይል ተበተነ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ የትጥቅ ትግሉ ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። ከምጽዋ በስተደቡብ በቅርብ በምትገኘው ሕርጊጎ በ1967 ዓ.ም. ሲቪሎች በመንግሥት ወታደሮች ተገደሉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ ሠራዊት ከተማይቱን ያዘ፤ ከዚያም የደርግ አውሮፕላኖች ደበደቧት። የዛጎል ድንጋይ ቤቶቿ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የወደቡ አካባቢ የዚያን ጦርነት ጠባሳ ይዘው ቆይተዋል። አንዱ በሰርግ አልበሙ የሚያስታውሳትን ከተማ ሌላው በቀብር ያስታውሳታል። ሁለቱም ትዝታዎች እውነት ናቸው፤ ታሪክ ጸሐፊው አንዱን ወስዶ ሌላውን ሊጥል አይችልም።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ሐዲዱ በጦርነቱ ዘመን ሥራ አቆመ፤ ከነጻነት በኋላ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ጭምር ተሰብስበው መልሰው ሠሩት። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሰላም መግለጫ ተፈረመ፤ ሐምሌ 11 ቀን የአየር መንገዳችን አውሮፕላን አሥመራ አረፈ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበር ተከፈተ። የየብስ መተላለፊያው ከወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በረራውም ተቋረጠ።

ወደ መሪዎቹ ባልና ሚስት እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለጋብቻ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልባቸው 3 የሥራ ቀናት። ሦስቱ ቀን ከቅዳሜና እሑድ ጋር ቢደመር አምስት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ምጽዋ በመኪና ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ድንበሩ ክፍት ቢሆን እንኳ መሄጃና መመለሻው አምስቱን ቀን ይበላዋል። በ1950ዎቹ እንደነበረው በአውሮፕላን ቢሆን ግን ሦስት ሙሉ ቀን በባሕሩ ዳር ይተርፋቸው ነበር። የሕጉ ቀናት በቂ ናቸው፤ የጎደለው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ሰላም ነው።

ስለዚህ ዕቅዳቸው ወደ ሌላ ይዞራል። ገንዘብ ያለው ፓስፖርቱን ይዞ ወደ ዛንዚባር ይበርራል፤ እዚያም የምጽዋን ቤቶች ዘመዶች ያያል። ሌላው በጅቡቲ ባቡር ባሕር ማየትን ያስባል። የሚበዛው ግን ወደ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሐይቆች ይሄዳል። ያም ያልሆነለት ከደጁ ወደ የካ ተራራ ወጥቶ ዋሻ ሚካኤልን ያያል፤ ወይም በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይናፈሳል። ምኒልክና ጣይቱ ከብርዱ ሸሽተው የወረዱበትን ተራራ የልጅ ልጆቻቸው ለዕረፍት ይወጡታል።

ከዚህ ምን እንማራለን? በቅርብ ዓመታት ስለ ባሕር በር በአገራችን ብዙ ይነገራል። የወደብ አጠቃቀም የኢኮኖሚና የዓለም አቀፍ ሕግ ጉዳይ ነው፤ በዚያው መስክ ሊመረመር ይገባዋል። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን የምጽዋ ፎቶግራፍ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ እንደ ርስት ማስረጃ ሲቀርብ፣ ሙያችን ዝም ሊል አይገባም። ያ ፎቶግራፍ የሚመሰክረው በዚያን ዕለት መንገዱ ክፍት እንደነበረ ነው። ከዚያ በላይ አይመሰክርም። ደግሞም ያ ምስክርነት ትንሽ አይደለም፤ ሁለት ሕዝቦች በሰላም ሊገናኙ እንደሚችሉ ያሳያልና።

ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። በእነዚያ ዓመታት ምጽዋ ሄደው ያረፉ ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። በየቤታቸው ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቋቸው፤ ምን ተሳፈሩ፣ ስንት ከፈሉ፣ የት አደሩ፣ ማን አስተናገዳቸው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጠንክሩ። አልጋውን ያነጠፈችው ሴት፣ ጀልባውን የቀዘፈው ዓሣ አጥማጅ፣ ሻንጣውን የተሸከመው የወደብ ሠራተኛም ትዝታ አላቸው። ብዙዎቹ ከድንበሩ ማዶ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በዚህችው ከተማ በስደት ይኖራሉ። የሁለቱን ወገን ቃል አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የዚያን ዘመን ታሪክ ከማናችንም በተሻለ ይጽፈዋል።