የሆድ ዕቃ ሽፋን ዕጢዎች የምስል ምርመራና የሪፈር አገልግሎት፦ ለወረታ ከተማና ለፎገራ ወረዳ ነዋሪዎች

ምንነቱ

ፔሪቶኒየም የሆድን የውስጥ ግድግዳና በሆድ ውስጥ የሚገኙ አካላትን የሚሸፍን ስስ ሽፋን ነው። ከሽፋኑ ከራሱ የሚነሣ ዕጢ፣ ለምሳሌ ሜሶቴሊዮማ፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሕመም ነው። በሽፋኑ ላይ የሚገኙ አብዛኞቹ የካንሰር ዕጢዎች ከእንቁልጢ፣ ከጨጓራ ወይም ከትልቁ አንጀት የተሠራጩ ናቸው።

ምልክቶች

የሆድ መነፋት፣ ውኃ መቋጠር፣ የማያቋርጥ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ ይታያሉ። ሆኖም የሆድ ውኃ ሁሉ የካንሰር ምልክት አይደለም። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ጉበትን በመጉዳት፣ የሆድ ቲቢም ሽፋኑን በማስቆጣት ተመሳሳይ ምልክት ያስከትላሉ።

የምስል ምርመራዎች

* አልትራሳውንድ፦ በሆድ ውስጥ ውኃ መኖሩን ያሳያል፤ የውኃ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታም ያመለክታል። ጨረር አይጠቀምም።
* ሲቲ ስካን፦ የሽፋኑን መወፈር፣ የዕጢውን ስፋትና ወደ ሌሎች አካላት መድረሱን ያሳያል። ብዙውን ጊዜ በደም ሥር ከሚሰጥ የንፅፅር መድኃኒት ጋር ይከናወናል።
* ኤምአርአይ፦ በሲቲ ስካን በግልጽ ያልታየውን ለመለየት በሐኪም ትእዛዝ ይሠራል።

የሆድ ቲቢ በሲቲ ስካን ሲታይ ከካንሰር ጋር በእጅጉ ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ብቻ የመጨረሻ ውሳኔ አይሆንም፤ ከሽፋኑ የሥጋ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ መመርመር ይኖርበታል። ቲቢ በመድኃኒት የሚድን በመሆኑና ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ፣ «ካንሰር ነው» በሚል ግምት ምርመራን ማቋረጥ ሊድን የሚችል ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መቅረብ ይኖርባቸዋል። ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልግ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ደብረ ታቦር፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ከፍተኛ ሆስፒታሎች በሪፈር ይላካሉ። ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ የመድኑ አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይጠበቅባቸዋል።

ከምርመራው በፊት

1. እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር ሕመም ወይም ቀደም ሲል በንፅፅር መድኃኒት የደረሰ አለርጂ ካለ ለባለሙያው ማሳወቅ፤
2. ለኤምአርአይ የሚቀርብ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካለው አስቀድሞ መናገር፤
3. ከምግብ ስለሚታቀቡበት ሰዓት የሚሰጠውን መመሪያ መከተል፤
4. የቀድሞ ፊልሞችንና የምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብ።

ከምርመራው በኋላም ፊልሙንና የጽሑፍ ውጤቱን መረከብና ሪፈር ወደ ጻፈው ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። የሆድ መነፋቱ በድንገት ከተባባሰ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከተከተለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።