የብርሌ ታሪክና የይፋት ቆላ መንገድ

አንባቢዬ ሆይ፤ በእነዚህ ዓመታት በከተማችን በብዙ ቤቶች አንድ አዲስ ዕቃ ሲገባ ሳይመለከቱ አልቀሩም። ሆዱ የሰፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ አፉ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ የመስተዋት ማንቆርቆሪያ ነው፤ ፈረንጆች ካራፍ ይሉታል። የቤቱ ጌታ የወይን ጠጁን ጠርሙስ ከፍቶ ወደዚህ ዕቃ ይገለብጥና «ጥቂት ይተንፍስ» ብሎ እንግዶቹን ያስታግሳል። በዚህ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ «ይህማ የእኛው ብርሌ አይደለምን?» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገሩ በቀልድ ቢነገርም ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። ብርሌ በእርግጥ የእኛው ነውን? የብርሌና የካራፍ ሥራስ አንድ ነውን? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ ጣርማ በርን አልፈን፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ይፋት ቆላ መውረድ ይኖርብናል።

አስቀድሞ ግን ስለ ስሙ ጥቂት ቃል እንበል። የቋንቋ ሊቃውንት ብርሌ የሚለውን ቃል በግእዝ ቢረሌ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ ስም ጋር ያዛምዱታል፤ ይኸውም ከግሪኩ ቤሪሎስ የመጣ ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች መካከል ስምንተኛው ሆኖ የተቆጠረው ዕንቍ ይህ ነው። ጀርመኖችም የዓይን መነጽርን «ብሪለ» ማለታቸው ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ስለ ቀዱ ነው። እንግዲህ ብርሌ ዕቃ ከመሆኑ በፊት ዕንቍ ነበረ። ቃሉ ወደ አገራችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ሲገባ፣ ዕቃው ግን የገባው ብዙ ዘመን ቆይቶ በነጋዴ ጭነት ነው።

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ አባቶቻችን ጠጁን በምን ይጠጡት ነበር ቢባል፣ በሸክላና በቀንድ ዋንጫ ነው። ጠጁ በጋን ተጥሎ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ በገንቦ ይቀርባል፤ ከዚያ ወደ ዋንጫ ይቀዳል። ቀንድ ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ለዘማች ከእርሱ የተሻለ ዕቃ አልነበረም። ነገር ግን በውስጡ ያለውን አያሳይም። ብርሌ በመጣ ጊዜ የጠጁ ወርቅማ መልክ፣ ጥራቱና ጉድፉ ሁሉ ለዓይን ተገለጠ። በነገሥታቱ ግብር ላይም ዕቃው የማዕረግ ምልክት ሆነ፤ መኳንንቱ በብርሌ፣ ጭፍራው በዋንጫ ይጠጣ ጀመር። አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጥቂት ቀድቶ ራሱ ይቀምስ ነበር፤ ጌታውም ሲጠጣ ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ በሻማ ይከለላል። ጥራቱ እንዲታይ ተብሎ በመስተዋት የቀረበው መጠጥ ተመልሶ በጨርቅ መጋረዱ ለእኔ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ በባሕሩና በደጋው መካከል ያለ በር ነው። በ1277 ዓ.ም. የወላስማ ወገን የሆነው ዑመር የሸዋን የእስላም ሡልጣናት አገር ይዞ የይፋትን መንግሥት አጠነከረ። በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ከጦርነቱ ምክንያቶች አንዱ ወደ ዘይላ የሚወስደው የንግድ መንገድ ነበረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የፈረንሳይ የታሪክ ተመራማሪዎች በዚሁ ቀበቶ ከደጋው ግርጌ ኖራንና አስበሪን የመሰሉ በድንጋይ የታነጹ ጥንታውያን ከተሞችን ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው አጥንተዋል። ዛሬ በሸዋ ሮቢት በኩል በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ሽንኩርትና ማሾ ገዝቶ ይሄዳል እንጂ፣ በስተ ቀኝ ባሉት ኮረብቶች ላይ ከተማ እንደ ነበረ የሚያስበው ጥቂት ነው።

የይፋት መንግሥት ካለፈም በኋላ በሩ በር ከመሆን አልቀረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ዋና ከተማ አንኮበር ነበረች፤ ከእርስዋ በታች በስተ ምሥራቅ አልዩ አምባ የሚባለው የገበያ ከተማ ነበረ፤ አሁንም አለ። ከታጁራ የተነሣ የግመል ጓዝ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ ላይ ይደርሳል። ግመል ዳገቱን ስለማይችል ጭነቱ ከዚያ በሰውና በበቅሎ ይወጣል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። የፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩርም በ1835 ዓ.ም. እንዲሁ ውል ተዋዋለ። በዚያን ጊዜ የይፋት አበጋዝና የበሩ ጠባቂ የነበሩት ወላስማ ሙሐመድ ከጥንቶቹ የይፋት ሡልጣኖች ዘር ናቸው። መንግሥት አለፈ፤ በሩን የመጠበቅ ሥራ ግን ከዚያው ቤት አልወጣም። ባለቅኔው ሬምቦ እንኳ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው በዚሁ በታጁራ መንገድ ነበረ።

ከባሕር ወዲህ ወደ ሸዋ የሚመጣ ጨሌ፣ ጨርቅ፣ መዳብና የመስተዋት ዕቃ ሁሉ ዋናው መግቢያው ይህ ከሆነ፣ የሸዋ መኳንንት ጠጅ የጠጡበት ብርሌ አብዛኛው በይፋት ቆላ አልፎ የመጣ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባ አለ። ግመሉን የነዳው አፋሩ፣ ዕቃውን የገዛውና የሸጠው የአርጎባው ነጋዴ እስላም ስለ ሆነ ጠጅ አይቀምስም። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» እንደ ተባለ ይህን በቀላሉ የሚሰበር ነገር በጭድና በቆዳ ጠቅልሎ የሳምንታት በረሃ አሻግሮ ያለ አንዲት ስንጥቅ ያደረሰው ከቶ የማይጠጣበት ሰው ነበረ። በደጋው ቤት ግብር ሲወራ የአሳላፊው ስም ይነሣል፤ የነጋዴው ስም ግን አይነሣም። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ሌላም ሊሸሸግ የማይገባው ነገር አለ። ለዕቃው ምን ተከፈለ? ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ወደ ባሕር ወርዷል። ሰውም ወርዷል። በአልዩ አምባ አጠገብ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ ይሸጥ ነበር፤ ወደ ላይ መስተዋትና ጨሌ ይዞ የመጣው ጓዝ ወደ ታች ሲመለስ ከደቡብና ከምዕራብ የተጋዙ ሕፃናትን ይዞ ይወርድ ነበር። እኛ ስለ ግብሩ አዳራሽ ድምቀት ስንናገር ይህን ወገን ብንዘለው ታሪኩን በግማሹ እንነግራለን።

ይህ ሁሉ ንግድ የቆመው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ ባቡርም አለበት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የግመሉ መንገድ ጸጥ አለ፤ አልዩ አምባም የቀድሞ ግርማውን አጣ። በጠላት ወረራ ዘመን በጣርማ በር ተራራው ተበስቶ የደሴ የመኪና መንገድ በተሠራ ጊዜ፣ የቆላው ኑሮ ወደዚያ መንገድ ዳር ዞረ፤ ሸዋ ሮቢትም የዚህ የመኪና መንገድ ከተማ ናት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንግባ። የወይን ጠጅ በአገራችን ከጠጅ ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ ጥቂት ነበረ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከወይን ፍሬ የሚጠመቅ መጠጥ በግልጥ የሚሠራው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ለቅዳሴው ግን ካህናቱ ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፈው ይጨምቁ ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ግን የአዋሽ ወይን ጠጅ ጉደር በየቤቱ ይታወቃል፤ በዝዋይ ተክሉን ያለማው የፈረንሳይ ድርጅት ካስቴልም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወይኑን ለገበያ አቅርቧል። ካራፉ የተከተለው ይህን ነው።

ካራፍ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ያረጀ ወይን በጠርሙሱ ሥር ያዘቀጠውን አተላ መለየት ነው፤ ጠርሙሱ አንድ ቀን ቆሞ ይዋልና አተላው አንገቱ ላይ እስኪታይ ድረስ በቀስታ ይቀዳል። ሁለተኛው አየር ማስነካት ነው። ገና ወጣት የሆነ ጠንካራ ቀይ ወይን አየር ሲነካው በጠርሙሱ ታፍኖ የቆየው እንደ ዲን የሚሸት ትንፋሽ ይወጣለታል፤ ጣዕሙም ለዘብ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቡሹን ነቅለው ጠርሙሱን ክፍት በመተው ነው። የጠርሙሱ አንገት ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየር የሚነካው የወይኑ ፊት ሦስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የካራፉ ሆድ ግን ሃያ ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ፊቱ ከሦስት መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ያ እንግዳ ተሳስቷል። ብርሌ መልኩ ካራፍን ቢመስልም እስከ አንገቱ ስለሚሞላ ጠጁን ከአየር ይጠብቀዋል እንጂ ለአየር አይሰጠውም። ይህም ለጠጅ የሚስማማ ነው፤ ጠጅ ገና በሕይወት ያለ መጠጥ ስለ ሆነ አየር ሲበዛበት ወደ ኮምጣጤ ያደላል፤ ጠባቡ አንገት ዝንቡንም ይከለክላል፤ መዓዛውንም ወደ አፍንጫ ይሰበስባል። ካራፍ የሌለው ሰው በብርሌ ፈንታ አፈ ሰፊ የሆነ ንጹሕ የመስተዋት ማሰሮ ቢጠቀም የተሻለ ያደርጋል።

በካራፍም ቢሆን መጠን አለው። ለወጣት ወይን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ላረጀው ግን ለገበታ በቀረበበት ደቂቃ ይቀዳ፤ የቦርዶው ሊቅ ኤሚል ፔኖ አየር ያለ ልክ የወይንን መዓዛ እንደሚያባክን አስተምሯል። አንባቢዬ ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ሌላ ቆላ የተዛወሩ እንደ ሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከሠላሳ ዲግሪ ያልፋልና ጠርሙሱን አስቀድመው ያቀዝቅዙት፤ በቆላ አየር የተገለበጠ ወይን በደጋ ከሚቆየው ጊዜ እኩሌታውን አይቆይም።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ስለ ዕቃው ነው። እንግሊዛዊው ራቨንስክሮፍት በ1666 ዓ.ም. ከንጉሡ ፈቃድ ያወጣበት የሚያብረቀርቅ መስተዋት እርሳስ አለበት። ክሪስታል የሚባለው ውድ ካራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት የተሠራ ነው። ለአንድ ማታ ገበታ አይጎዳም፤ ነገር ግን ወይን ወይም አረቄ በውስጡ ለሳምንት ሲቀመጥ እርሳሱ ወደ መጠጡ ይሟሟል። ስለዚህ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ መልሰው፣ ካራፉን ያለ ሳሙና በሞቀ ውኃና በአንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ እየናጡ አጥበው፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያድርቁት።